ቁልፉ በየት በኩል ይሁን?

ጥቅምት 9

ዛሬ ጀመርን። አራት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ የአንዲት እናት ሳሎን። ሳሎኑ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከዚያ በላይ አልናገርም። ስምም አልጽፍም። የቤቱን ባለቤት እማማ እላቸዋለሁ፣ ሌሎቻችንን በሥራችን እጠራለሁ።

ተውኔቱ ስለ ዶክተር ጄምስ ባሪ ነው። የውጭ ሰው ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የማስታወሻዬ ቀን ግን በእኛው ነው። ባሪ አየርላንድ ውስጥ፣ ኮርክ ከተማ፣ ሴት ተብሎ ተወለደ። በ1809 ኤድንብራ ሕክምና ሊማር ሲገባ ወንድ ሆኖ ገባ። ስሙን ከሠዓሊ አጎቱ ወሰደ። በ1812 ተመረቀ፣ በ1813 የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆነ። ኬፕታውን፣ ሞሪሽየስ፣ ጃማይካ፣ ማልታ፣ ኮርፉ፣ ካናዳ ዞረ። ጡረታ ሲወጣ የሆስፒታሎች ዋና ኢንስፔክተር ነበር። በ1865 ለንደን ውስጥ ሞተ። 56 ዓመት ሙሉ በወንድነት ኖሮ ማለት ነው።

ለምን ጎንደር ላይ? ጎንደር የሐኪም ከተማ ናት። የጤና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1954 ሲከፈት ጀምሮ እዚህ ቤት ሁሉ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን ወይ አለ ወይ ነበረ። የሐኪም ታሪክ እዚህ ሰሚ አያጣም። ትራንስ የሆነ ሰው፣ ማለትም ሲወለድ ከተባለለት ጾታ ሌላ ሆኖ የሚኖር ሰው ታሪክ ግን በስድብ ካልሆነ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በሐኪሙ በር እንገባለን አልን።

ጥቅምት 14

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተያዝኩ። «ዶክተሩ ከመርከብ ወረደ» ብዬ ጻፍኩ። ቆም አልኩ። ተራኪዬ ይህን የሚናገረው ሁሉን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው። ታዲያ «ወረደ» ነው «ወረደች»?

አማርኛ እዚህ ላይ አያስመልጥም። «መጣ» ስትል ፈርደሃል። «ዶክተሩ» ስትልም ፈርደሃል። የልደት ስሙን ባነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ አገኘዋለሁ፣ በተውኔቱ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ራሱ ጥሎት የሄደውን ስም ከመሬት አንስቼ መድረክ ላይ የማስቀምጥበት ምክንያት አልታየኝም። ግሱ ግን ከስም ይብሳል። ስም አንዴ ይጠራል፣ ግስ በየዓረፍተ ነገሩ ይመጣል።

ጥቅምት 17

ሌሊት መፍትሔ አገኘሁ። አንቱታ!

«ወረዱ፣ ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ሞቱ።» እሳቸው። ወንድም ሴትም አይልም፣ ያከብራል ብቻ። እዚህ አገር ደግሞ ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ጠዋት ለሦስቱም አነበብኩላቸው። በጣም ደስ አላቸው። አዋላጇ «ቋንቋችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል» አለች። ሁለት ትዕይንት በአንድ ቀን ጨረስኩ።

ጥቅምት 26

ኮት ልናሰፋ ሄድን። ቀይ ጨርቅ ቅዳሜ ገበያ አግኝተናል፣ ትንሽ ይወፍራል ግን ቀለሙ ልክ ነው። ባሪን የምትጫወተው ልጅ አብራኝ መጣች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ለካት፣ ደረት፣ ትከሻ፣ እጅጌ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቁልፉ በየት በኩል ይሁን?» አለኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ለወንድ ከሆነ ቁልፉ በቀኝ ይሰፋል፣ ቀዳዳው በግራ። ለሴት ግልባጩ ነው። የምትለብሰው እሷ አይደለችም?»

ሸሚዝ ስለብስ ስንት ዓመቴ ነው፣ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። «የወንድ አርገው» አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በጠመኔ የጨርቁ ውስጥ ላይ «ወ» ብሎ ጻፈ። ትከሻው ላይ ጥጥ እንዲጨምርም ነገርኩት፣ ባሪ ትከሻው እንዲሰፋ እንዲህ ያደርግ ነበር ይባላል። ጫማውም ውስጡ ከፍ ያለ ነበር፣ ቁመቱ አጭር ነውና።

ቀብድ ከፈልን። ከጥምቀት በፊት የሀበሻ ልብስ ሥራ ስለሚበዛበት እንዳንዘገይ አስጠንቅቆናል።

ኅዳር 3

ዛሬ አምስተኛ ሰው መጣ። አዋላጇ ናት ያመጣችው፣ ጠይቃን ፈቅደን። ከጎንደር ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው ያደገው። እሱም ሴት ተብሎ ነው የተወለደው። ለመተወን አልመጣም። «ልስማ ብቻ» አለ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ሁለቱን ትዕይንት አነበብን። እሳቸው፣ እሳቸው፣ እሳቸው። ስንጨርስ ዝም አለ። እማማ ቡናውን እስኪቀዱ ዝም እንዳለ ነው። ከዚያ «ይቅርታ፣ ልናገር?» አለ።

«አንቱ ስትሏቸው አክብራችሁ ነው፣ ገብቶኛል። ግን መሸሻም ነው። እሱ ወይም እሷ ማለት ስለከበዳችሁ ነው አንቱ ያላችሁት። እኔን ሰው እንደዚያ ሲያደርገኝ አውቀዋለሁ። አንተም አንቺም ላለማለት ዓረፍተ ነገር ሲያጣምም እሰማዋለሁ። እኚህ ሰውዬ እኮ 56 ዓመት ሙሉ የታገሉት እሱ ለመባል ነው።»

ማንም አልመለሰለትም። የምንመልሰው አልነበረንም። ልክ ነው።

ኅዳር 4

ሁለቱን ትዕይንት ቀደድኩ። ከዛሬ ጀምሮ ተራኪው «እሱ» ነው የሚለው፣ ከመርከቡ እስከ መቃብሩ። ወታደሮቹ አንቱ ይሉታል፣ ማዕረጉ ነውና። ተራኪው አንቱን ከወታደሮቹ ጋር ይተወዋል።

የታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ አይስማሙም። ሴት ሐኪም መሆን ስለማይፈቀድላት ወንድ መሰለች የሚሉ አሉ። ትራንስ ነበር የሚሉ አሉ። በተፈጥሮው ሁለቱም ነበር የሚሉም አሉ። በባሪ ዘመን «ትራንስ» የሚለው ቃል ስላልነበረ እኔም በአፉ አላስገባሁትም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ማንም በማያስገድደው ሰዓት፣ ጡረታ ወጥቶ እንኳ፣ ወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ለእኔ ግስ ይህ በቂ ነው።

የአማርኛውንም ቃል ለማጣራት ተቀመጥን። ወንዳገረድ፣ ወንዳወንድ፣ ሴታሴት። ሁሉም ሰው ላይ የሚወረወሩ ናቸው። ተሳዳቢ ገጸ ባሕርይ ካልሆነ በቀር ማንም አይላቸውም። እንግዳችንን ምን እንበል ብለን ጠየቅነው። «ትራንስ ይሻላል፣ ባዕድ ቢሆንም ማንም በሱ ሰድቦኝ አያውቅም» አለ።

ኅዳር 12

የናይቲንጌልን ክፍል ተረጎምኩ። የክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ነው። ባሪ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ነርሷን ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ በወታደርና በአገልጋይ ፊት አቁሞ ሰደባት። እሷም ረስታ አታውቅም። ከሞተ በኋላ በጻፈችው ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር «እሱ» ትላለች። ሳይጨርስ «እሷ» ትላለች።

በአማርኛ ይህ ይጮኻል። «ፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ አቁሞኝ... እንደ አውሬ ሆነችብኝ።» ተጫዋቿ ስታነበው ምላሷ ተሰናከለ። «ስህተት አለ» አለች። የለም አልኳት። እንዲሰናከል ነው። አንድ ሰው ሬሳው ከተገለጠ በኋላ በሰው አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚገለበጥ የሚሰማው እዚህ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ «ተቀምጦ» ላይ አብሮ ሄዶ «ሆነችብኝ» ላይ ቀጥ ይላል። አንድም ድምፅ የለም። ሦስት ጊዜ ሞከርነው። ሦስቱንም ጊዜ ቆዳዬ ቆመ።

ኅዳር 20

ክርክር። ማሲንቆ ተጫዋቹ ኮቱን አልወደደውም። «የእንግሊዝ ጦር ኮት ጎንደር ላይ? መቅደላን ማን ይረሳል?» አለ። እውነት አለው። ባሪ በሞተ በ3 ዓመቱ፣ በ1868፣ ያው ጦር ነው መቅደላ የወጣው። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት መጻሕፍትም ከዚያ ነው የተጋዙት።

ኮቱን እናስቀር ወይ አልን። አላስቀረነውም። ግን ባሪን ንጹሕ ጀግና ማድረጋችንን አቆምን። የቅኝ ገዢ ጦር ሹም ነበር። ቁጡ ነበር፣ ከማን ጋር አልተጣላም! ኬፕታውን ላይ ደግሞ ስለ እስረኞችና ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን አያያዝ ከባለሥልጣን ጋር የተጋጨ፣ ስለ መጠጥ ውኃ ንጽሕና የተሟገተ ሰው ነው። ሁለቱም በአንድ ኮት ውስጥ ይግቡ።

ታኅሣሥ 2

የቀዶ ጥገናው ትዕይንት። 1826፣ ኬፕታውን። አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል፣ ልጁ አልወጣ አለ። ባሪ ሆዷን ቀድዶ አዋለዳት። እናትም ልጅም ተረፉ። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ተርፈው በሐኪም ሰነድ ከተያዙት ቀደምት ወሊዶች አንዱ ነው። ማደንዘዣ የለም፣ ኤተር ገና 20 ዓመት ይቀረዋል።

አዋላጇ ተጫዋቿን ስታሠለጥን መጀመሪያ ያሳየቻት የታጠበ እጅ አያያዝን ነበር። ክንድ ወደ ላይ፣ ክርን ወደ ታች፣ ምንም ሳይነኩ። ከዚያ ራሷ አቋረጠች። «ቆይ፣ ያኔ እኮ ይህ ሕግ አልነበረም። ሐኪሙ ዜመልቫይስ ቪየና ላይ እጃችሁን ታጠቡ ያለው በ1847 ነው።» ተውነው። ባሪ እጁን በፎጣ ብቻ ይጠርጋል። አንድ ፎጣ ብቻ፣ ያ ይበልጥ ያስፈራል።

ደም አናሳይም። ሁለት ሰው ነጠላ ወጥረው ይይዛሉ፣ ከኋላ በባትሪ የሚሠራ አምፖል አለ። የባሪ ጥላ ያጎነብሳል። ከዚያ አሮጌ አቡጀዲ ይቀደዳል፣ ድምፁ ብቻ። የመጀመሪያውን ቀን በጣም ቶሎ ቀደድነው። አዋላጇ ተቆጣች። «ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፣ ቀስ በሉ! በየጣት ወርዱ ቁሙ።» ቀስ ብለን ስንቀደው እማማ ከጓዳ ወጥተው «በስመ አብ» እያሉ ቆሙ።

ልጁ ጄምስ ባሪ ሙኒክ ተባለ። ስሙ በዚያ ቤተሰብ ወርዶ ወርዶ የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሄርዞግ ድረስ ደርሷል፣ ጄምስ ባሪ ሙኒክ ሄርዞግ። ሐኪሙ ለራሱ የመረጠው ስም፣ ለሌላ ሰው የልደት ስም ሆነ። ይህን ሳነብ እንግዳችን ማስታወሻ ደብተሬን ተቀብሎኝ ራሱ ደግሞ አነበበው።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ እንግዳችን ብዙ አወራ። የምጽፈው የፈቀደውን ብቻ ነው። አንብቦት ሁለት ቦታ ሰርዟል።

ልጅ እያለ አያቱ «አንተ» ይሉት ነበር። እዚህ አገር ሴት ልጅን በፍቅር አንተ ማለት ያለ ነው፣ ማንም አይገርመውም። «ና አንተ፣ ብላ አንተ።» እሱ ግን ፍቅር መሆኑን አያውቅም ነበር። አያቴ ታውቃለች ብሎ ነበር የሚያስበው። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አያቱ አንድ ቀን «አሁንስ አድገሻል» ብለው ወደ አንቺ መለሱት። «ያን ቀን በረት ገብቼ እስኪመሽ አልወጣሁም» አለ።

ከዚያ ስለ ተውኔቱ መጨረሻ አነሳ። ባሪ ሲሞት ገላውን ያጠበችው ሴት ናት ነገሩን ያወጣችው። ሳታጥቡኝ፣ በለበስኩት ቅበሩኝ ብሎ ነበር ይባላል። ሴትዮዋ ለምስጢሩ ገንዘብ ፈልጋ ወደ ሐኪሙ ወደ ማኪኖን ሄደች። ማኪኖን ወንድ ይሁን ሴት የእኔ ጉዳይ አልነበረም ብሎ ጻፈ። እኔ ይህን እንደ ዜና ነበር የጻፍኩት። ሁለት ገጽ፣ ቶሎ ቶሎ።

«እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለ። «ግንዛት። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ነው የሚገንዘው። እኔን ማን ይገንዘኛል? ፍትሐት ላይ ደግሞ በክርስትና ስም ነው የሚጠራው። እኔ የሰማንያ ቀን ነኝ። ወለተ ነኝ።»

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ወንዱ ገብረ፣ ሴቷ ወለተ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን አንድ ሰው በሕይወት ቆሞ፣ ሬሳው ላይ የሚጠራውን ስም እየሰማ እንደሚኖር አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጨረሻውን ትዕይንት እንደገና እጽፈዋለሁ።

ታኅሣሥ 18

ለንባብ የታሰበልን አዳራሽ ቀረ። ርዕሱን ሲሰሙ «ሌላ ጊዜ» አሉን። አልተከራከርንም። ሕጉም የሰፈሩም ዓይን ይታወቃል፣ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር አዳራሽ ውስጥ አናደርግም። እማማ «እዚሁ አንብቡት» አሉ። 14 ሰው ይበቃዋል። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፣ ማንም ፎቶ አያነሳም። ባጃጅ በጊዜ ስለሚጠፋ ከሰዓት በኋላ እንጀምራለን።

ጥር 5

ኮቱ ደረሰ! ያምራል። ተጫዋቿ ግን ቁልፉ ላይ ትደናበራለች። እጇ የሚያውቀው ሌላውን ወገን ነው። ፈረስ ላይ ወጥታ እየተሳደበች ኮቷን መቆለፍ አለባት፣ ሁልጊዜ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ትቆማለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንን ብቻ ተለማመድን።

ልንጨርስ ስንል መብራት ጠፋ። በጨለማው «እስቲ እኔ ልሞክረው» የሚል ድምፅ ሰማን። እንግዳችን ነው። ሻማ እስኪገኝ ድረስ ጠበቅን። እማማ ሻማውን ይዘው ሲመጡ ኮቱን ለብሶ፣ ስምንቱንም ቁልፍ ቆልፎ፣ ቆሞ ነበር። በጨለማ፣ ሳይዛነፍ። ተጫዋቿ አየችው። ከዚያ የእሷን ጽሑፍ አንስታ መጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ሰጠችው።

ጥር 10

ከነገ ጀምሮ ከተማው የጥምቀት ነው። ተጫዋቿ ዛሬ ከከተራው ጋር ፋሲለደስ ወርዳለች፣ ማሲንቆ ተጫዋቹም እንግዳ አለበት። እስከ 13 እረፍት። እኔ መጨረሻውን ትዕይንት እየጻፍኩ ነው። ገናዧን ክፉ አላደረግኳትም። ውኃ ታሞቃለች። አንሶላውን ለመግለጥ እጇን ትዘረጋለች። እዚያ ላይ ባሪ ራሱ ተነስቶ ይናገራል፣ መብራቱም ገናዧ ላይ ይቀራል። እጇ አንሶላውን ሳይነካ ነው ትዕይንቱ የሚያልቀው። የቀረውን ታሪክ ማኪኖን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል።

ጥር 21

አነበብነው። 13 ሰው መጣ፣ አንዱ ፈርቶ ቀረ።

አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ እማማ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ከንባቡ በፊት ጠሩኝና «ዛሬ እኮ የኢላርያም ቀን ነው» አሉኝ። ስንክሳር ላይ የሰሙትን ነገሩኝ። የንጉሥ ዘይኑን ልጅ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ግብፅ በረሃ ገባች፣ በመነኮሳቱ መካከል እንደ ወንድ መነኩሴ ኖረች። እህቷ ታማ ወደ ገዳሙ ስትላክ የጸለየችላት እሷው ናት፣ እህቷ ግን አላወቀቻትም። ቅድስቲቱን ወደ ተውኔቱ አላስገባሁም። ቤተ ክርስቲያን እንደምታውቃት ትሁን። ግን እማማ ይህን የነገሩኝ ኮቱን ለብሶ የቆመውን እንግዳችንን እያዩ ነው፣ ያንን ማስታወሻዬ ላይ ላስቀምጠው።

የናይቲንጌል ክፍል ላይ ማሲንቆው ሲያቆም አንድ ሰው ከወንበሩ ወደፊት ሲጠጋ ሰማሁ። አቡጀዲው ሲቀደድ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። የመጨረሻውን ትዕይንት እሱ አነበበው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አይሰማም ነበር። «እኔ ነኝ የቆለፍኩት» የሚለው መስመር ላይ ቀና አለ። ቀጥሎ ያለውን ከወረቀቱ ሳይሆን ከራሱ ጨመረ። «ከፍታችሁ ከምታዩኝ፣ ጠይቁኝ። እኔ እነግራችሁ ነበር።»

ጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። አሁን አለ።

ጭብጨባ አልነበረም፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ ተነጋግረን ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ፣ ኬፕታውን ላይ ስለተወለደው ልጅ ብቻ ነው የጠየቁት። እናቱ ስንት ቀን ተኛች? ትኩሳት ነበራት? እሱ ደግሞ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እንደ ሐኪም ሆኖ፣ የሚያውቀውን ያህል መለሰላቸው።

ጥር 24

ሁለተኛ ንባብ ሊኖር ነው። ሙሉውን ባሪ እሱ ያነባል፣ ተጫዋቿ ናይቲንጌልንና ገናዧን ትይዛለች። ሐሳቡ የራሷ ነው። ኮቱ ግን ለእሷ የተለካ ስለሆነ እጅጌው ያጥረዋል፣ ትከሻው ላይ ያለው ጥጥ ደግሞ አላስፈለገውም። ልብስ ሰፊው ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እንግዳችንም አብሮኝ መጣ፣ ግን ከበሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ አየው፣ ኮቱን ከእጄ ተቀብሎ ገልብጦ ጠመኔውን አየ። ትንሽ ደብዝዟል እንጂ «ወ»ው አለ።

«ለሱ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ለሱ ነው።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ና እስቲ፣ ግባ። ትከሻህን ቀጥ አርግ።»